«ስንት ቆጠርክ?» – ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ስላለች አንዲት የሥነ ልቦና ምክር ቢሮ

መጀመሪያ አንድ ነገር። የቢሮዋን ስም አልጽፍም። ድሬ ጠባብ ናት። ስሙን ከጻፍኩ ነገ ጠዋት ፈጢራ እየቆረሰ «ይሄ እኮ እገሌ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ እዛ ሲገባ አየዋለሁ» የሚል አይጠፋም። በዛ ላይ የማማርርባቸው ነገሮች አሉኝ፣ የሰው እንጀራ ላይ በስም ጠርቶ ማማረር ደግሞ ደስ አይለኝም። ከዚራ ውስጥ ናት፣ ዛፎቹ መንገዱን ከላይ የሸፈኑት ጋ። የጤና ሠራተኛ ሆኖ የሚፈልጋት ካለ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ እነግረዋለሁ።

ለቸኮለ ሰው፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ ታች ታገኙታላችሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ወንድ ስለሆንኩ በሽተኛው ሁሉ «ዶክተር» ይለኛል። አብራኝ የተመረቀችውን፣ ከእኔ የተሻለ ደም ሥር የምታገኘውን ልጅ ግን «ሲስተር» ነው የሚላት። ይሄን ማስተካከል ከተውኩ ቆየሁ። በ2012 እና በ2013 ኮቪድ ማዕከል ውስጥ ነበርኩ፣ አሁን ተመልሼ መደበኛ ዋርድ ላይ ነኝ። ኮቪድ ካለፈ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደምጽፍ አውቃለሁ። እኔም መጀመሪያ ቀን በሩ ላይ ቆሜ «አሁን ምን ብዬ ነው የምገባው?» ብያለሁ። ለጓደኛዬ «ምክር ቤት ሄጄ መጣሁ» ስለው የከተማው ምክር ቤት መስሎት «የደረጃ ዕድገቱን ነገር አነሳህላቸው?» አለኝ። አልገፋሁበትም። «አነሳሁላቸው» ብዬ አለፍኩ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ኮቪድ ድሬ ላይ የመጣው ደህና ሆነን ሳለን አይደለም። በ2011 ክረምት መጨረሻ፣ ነሐሴ ላይ፣ ከተማው ቺኩንጉንያ ይዞት ነበር። ቃሉ በማኮንዴ ቋንቋ ከመጉበጥ ጋር የተያያዘ ነው፣ እውነትም ድሬ ጎብጣ ነበር፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል፣ ወጣቱ ሽማግሌ መስሎ ግድግዳ ይዞ ሲሄድ ታዩት ነበር። እኔም ይዞኝ ቁርጭምጭሚቴን እየጎተትኩ ነው ሥራ የገባሁት። ወገባችን ሳይቀና መጋቢት 4 ቀን 2012 አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ተገኘ ተባለ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ የለም፣ መጨባበጥ የለም። ድሬ ላይ! ሰላምታ ብቻ ሩብ ሰዓት በሚፈጅበት አገር።

ከጅቡቲ የሚመለሰው ሰው ደግሞ በእኛ በኩል ነው የሚያልፈው። ፒፒኢውን፣ ያንን ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን መከላከያ ልብስ፣ ለብሰን በዛ ሙቀት... ይሄን ለድሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ቦት ጫማዬን ሳወልቅ ላቤ ይፈስ ነበር፣ እንደ ውሃ፣ ሳላጋንን።

ይሄን ሁሉ ግን አሁን ስናወራው እንስቃለን። እኔ ላይ የቀረው ሌላ ነው።

ታይዋን ገበያ ሱቅ የነበረው አንድ ሰውዬ ተኝቶ ነበር። አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ በስልክ ስለ ዕቃ ዋጋ ይከራከራል። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያወራል፣ ይስቃል። ጣቱ ላይ ያለው የኦክስጅን መለኪያ 71 ይላል። ሕክምና ውስጥ ላልሆናችሁ፣ ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይዛችሁ ትሮጣላችሁ። ኮቪድ እንዲህ ነበር፣ ሰውየው ኦክስጅኑ አልቆ ሳለ መታፈኑ አይታወቀውም። «እንዴት ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ አቦ፣ ይሄን ነገር ከጣቴ ላይ አንሱልኝ» አለኝ። በሆዱ አስተኛነው፣ ኦክስጅኑን ጨመርንለት። በሦስተኛው ቀን ሞተ።

ከዛ ጀምሮ «ደህና ነኝ» የሚለኝን ሰው አላምንም። እቆጥረዋለሁ። ትንፋሹን ማለቴ ነው። ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል፣ ከ30 ካለፈ ነገሩ ከባድ ነው። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን እቆጥራለሁ። ቅዳሴ ላይ ፊት ለፊቴ የቆሙትን እቆጥራለሁ። በርጫ ላይ ጓደኞቼ ስለ ድሬዳዋ ከነማ ሲጨቃጨቁ እኔ የማን ትከሻ ቶሎ ቶሎ እንደሚነሳ አያለሁ። እናቴ ስትተኛ በሩ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ፤ አንድ ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል ቆሜ እግሬ ደንዝዞ ነው የነቃሁት። እናቴ ይሄን አይታ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። ታኅሣሥ 19 ጃንጥላዋን ይዛ ሄደች። እኔም አብሬያት ሄድኩ። በዛ ሕዝብ መሀል ስንት ሰው እንደቆጠርኩ አትጠይቁኝ።

ሚያዝያ 27 ቀን 2015 የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ጊዜው አብቅቷል ብሎ ሲያውጅ እኛ ጋ የአርበኞች ቀን ነበር። የበዓል ተረኛ ነበርኩ። ዜናውን ያየሁት የበሽተኛ ቻርት እየሞላሁ በስልክ ነው። አንዷ ሲስተር «እንኳን ደስ ያለን» አለችኝና ቴርሞሜትር ልታመጣ ሄደች። በቃ። እሱ ነው የመዝጊያ ሥነ ሥርዓታችን።

ወደ አገልግሎቱ ልምጣ። ከዚህ ቢሮ በፊት ሌላ የሞከርኩት ነገር ነበር፣ ካላነሳሁት ደረጃ መስጠቴ ትርጉም የለውም። በ2014 «የጤና ባለሙያዎች የሥነ ልቦና ድጋፍ» የሚባል የአንድ ቀን ስልጠና ተጠራን፣ ማን እንዳዘጋጀው ይለፈኝ። የሆቴል አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ አበል፣ «ጀግኖቻችን» የሚል ባነር። አሰልጣኙ አንድ ስላይድ ላይ የዓለም ጤና ድርጅትን ግምት አሳየን፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ባለው ጊዜ በዓለም ላይ ከ80,000 እስከ 180,000 የሚሆኑ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ አልቀሩም የሚለውን። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከኋላዬ ያለችው ልጅ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት። አሰልጣኙ ሰዓቱን አየና «እንግዲህ ሻይ ቡና እንበል» አለ። ወጣን። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር፣ እውነት ለመናገር። ስንመለስ ስላይዱ «የጊዜ አጠቃቀም» ላይ ደርሶ ነበር።

8335ን፣ የኮቪድ ነፃ የስልክ መስመሩን፣ ለስንት ሰው እንደሰጠሁ አላውቅም። ሰው ሲጨነቅ «ደውል» እላለሁ። እኔ ራሴ የምደውልበት ቁጥር ሳይኖረኝ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የሄድኩት።

ቢሮዋን የነገረኝ ላቦራቶሪ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። እሱም ወሬ እያስመሰለ፣ «አንድ የማውቀው ሰው ሄዶ ጠቅሞታል» አለኝ። የሚያውቀው ሰው ማን እንደሆነ ሁለታችንም አውቀናል።

አሁን ስለ በሩ። በሩ ላይ ታፔላ የለም። ይሄን ሰው እንደ ጉድለት ሊያየው ይችላል፣ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ኮከብ የተሰጠው ለዚህ ነው። እኛ አገር «አማኑኤል» ማለት 500 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል ብቻ አይደለም፣ ስድብ ነው። «አማኑኤል ውሰዱት» ይባላል። ያቺ ቢሮ ታፔላ ቢኖራት እኔ እስካሁን በሩ ላይ ነበርኩ። አንደኛ ፎቅ ላይ ነች፣ ታች ልብስ ሰፊ አለ፣ ሰው ካየህ ሱሪ ልታሳጥር ነው የመጣኸው። (አንድ ቀን እውነትም አሳጠርኩ፣ ጥሩ ይሠራል።)

ውስጡ ቀላል ነው። ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው ላይ የሚዞር ቬንትሌተር፣ የውሃ ጆግ፣ ሶፍት። ሶፍቱ ጠረጴዛው መሀል ሳይሆን ጎን መስኮቱ ላይ ነው የተቀመጠው። አለቅስ እንደሆነ አይጠብቀኝም፣ ካስፈለገኝ ግን እጄ ይደርሳል። ይሄን ያሰበ ሰው ሥራውን ያውቃል አልኩ።

አማካሪዋ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። እንዴት አወቅክ አትበሉኝ፣ «እርስዎ» አለችኝ። ድሬ ላይ እኮ አያትህንም አንተ ነው የምትለው። ባንክ ብድር ልጠይቅ የመጣሁ መሰለኝ። «እባክሽ አንተ በይኝ፣ ካለበለዚያ ሌላ ሰው የምታናግሪ ይመስለኛል» አልኳት። ሳቀች፣ ከዛ ወዲህ አንተ ነው።

ቀጥሎ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ግንቦት ነበር፣ ሙቀቱ ያው ነው፣ ቬንትሌተሩ ደግሞ የሚንቋቋ አሮጌ ነው። ድምፄ ዝቅ ያለ ስለሆነ አልሰማችኝም። ተነስታ እጇን ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ዘረጋችና «ቬንትሌተሩን ላጥፋው?» አለችኝ።

ድሬ ላይ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ። ቬንትሌተር ማለት ጣሪያ ላይ የሚዞረው ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። በኋላ ግን ቃሉ ሌላ ነገር ሆነብኝ። የመተንፈሻ መሣሪያውንም ቬንትሌተር ነው የምንለው፣ ሰው ካረፈ በኋላ ማጥፋቱ ደግሞ የነርስ ሥራ ነው። ሐኪሙ ሰዓቱን ይጽፋል፣ እኔ ቁልፉን እጫናለሁ፣ ከዛ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ጸጥታ... እሱን ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር። «አታጥፊው!» ብዬ ጮህኩ። ጮህኩ ስል ጮህኩ፣ ታች ያለው ልብስ ሰፊ መኪናውን ያቆመ ይመስለኛል።

እሷ ምንም አላለችም። እጇን መለሰችና ተቀመጠች። «ይዙር» አለች። ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች፣ እንድትሰማኝ። ያን ቀን ከዛ በኋላ ብዙም አላወራንም፣ 600 ብሬን ከፍዬ ወጣሁ። ጭቅጭቅ የለም፣ «ለምን ጮህክ» የለም። ለዚህ ነው ሁለተኛ የተመለስኩት።

ሁለተኛው ቀን ላይ እያወራች ሳለ ዝም አለችና «ስንት ቆጠርክ?» አለችኝ።

ደነገጥኩ። ትከሻዋን ሳይ ሌላ ነገር የማይ መስሏት ይሆናል ብዬ አፈርኩ። ግን ገብቷታል። ቀደም ብዬ ስለ እናቴ ነግሬያት ነበር። «16» አልኳት።

«ያንተስ?»

አላውቅም። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ስቆጥር የራሴን አንድ ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ደግሞ እንቁጠር ብንልም የራስ ትንፋሽ አይቆጠርም፣ ሰው እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል። ለዚህ ነው እኛ ነርሶች የልብ ምት የምንለካ መስለን እጁን ይዘን ትንፋሹን የምንቆጥረው። ይሄን ስነግራት ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። «ይሄን አላውቅም ነበር» አለች። እኔ ደስ አለኝ፤ ሁሉን አውቃለሁ የማይል ባለሙያ ደስ ይለኛል።

የትንፋሽ ልምምዱን ግን አልወደድኩትም፣ ልዋሽ አልችልም። በ4 ሳብ፣ በ4 ያዝ፣ በ4 ልቀቅ። ለሰው ስንቱን ያስተማርኩትን ለእኔ ሲሰጡኝ መድኃኒቴን የሰረቁኝ ነው የመሰለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተውነው። በምትኩ ሌላ ነገር ሰጠችኝ፦ ሰው መቁጠር ስጀምር አላቁም፣ ግን አንድ ደቂቃ ሞልቼ ልጨርስና ቁጥሩን ለራሴ ልናገር፣ «18፣ ደህና ነው» ብዬ ልዝጋው። ቻርት ላይ እንደምጽፈው። የሚገርመው ይሄ ሠራ። የእኔ ችግር መቁጠሩ ሳይሆን አለመጨረሱ ነበር ለካ።

ስለ ፎርሙ ደግሞ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድብርት መለኪያ አለ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ምን ያህል ጊዜ እንዲህ ተሰማህ እያለ ከ0 እስከ 3 የምትሞላው፣ ጣሪያው 27። እኔ ራሴ ለበሽተኛ አስሞልቼ አውቃለሁ። ስለዚህ እንዴት እንደሚዋሽም አውቃለሁ። የመጀመሪያውን 6 አስመጣሁ። 6 ቆንጆ ቁጥር ነው፣ ቀለል ያለ፣ ማንንም የማያስደነግጥ። አየችውና «ይሄን ፎርም ለስንት ሰው አስሞልተሃል?» አለች። «ብዙ።» «እሺ፣ አሁን ናይት ገብቶ ጠዋት የወጣ አንድ ወንድ ነርስ መጣልህ እንበል፣ አንተ ሙላለት» ብላ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። 14 መጣ። ከ10 ጀምሮ መካከለኛ ነው የሚባለው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፣ 6 እና 14። «ደህና ነኝ አቦ» ያለኝ ሰውዬ ትዝ አለኝ። የእሱም አፉ ሌላ ይል ነበር፣ ጣቱ ላይ ያለው ሌላ።

ስለ ጫት የጠየቀችኝም እዚህ ላይ መጻፍ አለበት፣ ምክንያቱም የብዙዎቻችን ፍርሃት እሱ ነው። የዕውቀት አባት ሁሉ «ጫት ተው» ነው የሚለን። እሷ ግን የጠየቀችኝ «ስንት ሰዓት ላይ ትጀምራለህ፣ ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ብላ ነው። ናይት አድሬ ጠዋት እወጣለሁ፣ ቀን ከ8 ሰዓት ጀምሮ እቅማለሁ፣ ማታ እንቅልፍ የለም፣ በማግስቱ ደግሞ ናይት። ወረቀት ላይ ስትስለው እኔ ራሴ አፈርኩ። ናይት በወጣሁበት ቀን ብቻ ልተወው ተስማማን። ዋላሂ፣ ያቺ አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ጠቀመችኝ። ሰው መተኛት አለበት እኮ፣ ሌላው ሁሉ በኋላ ነው።

«በርንአውት» (በሥራ ጫና ዝሎ ማለቅ) የሚለውን ቃልም ከእሷ ጋር ነው በደንብ ያወራነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ ነው ያስቀመጠው። ይሄን ስትነግረኝ «ታዲያ ከሥራ ቦታ የመጣ ከሆነ እኔ ለምን 600 ብር እከፍላለሁ? ሥራ ቦታዬ መጥቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥ!» አልኳት። ቀልዴን ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም፤ «እሺ፣ ምን እንበለው?» አለች። ቁጭ ብለን ለማትረኗ፣ ለነርሶች ኃላፊዋ፣ የምለውን ተለማመድን። ሦስት ናይት በተከታታይ እንዳይሰጠኝ። ለመጠየቅ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ማትረኗ ፕሮግራሙን አየችና «ሁለት አደርግልሃለሁ፣ ሦስተኛውን ለማን ልስጠው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። የሦስተኛውን ናይት ማን እንደወሰደው አውቃለሁ፣ እሱም የሚተኛ አይመስለኝም። ይሄን ቢሮዋ አታስተካክለውም። ማንም ሰው አንድ ለአንድ ተቀምጦ የሚያስተካክለው አይደለም።

አሁን የቀነስኩትን ኮከብ።

ሰዓቱ። ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 11፣ እሑድ ዝግ። የጤና ሠራተኛ እንቀበላለን ትላላችሁ፣ የምትሠሩት ግን በባንክ ሰዓት። እኔ ናይት ወጥቼ በቀጥታ ስለምሄድ ሁለት ጊዜ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶኛል። (ለተኛሁበት አላስከፈለችኝም፣ ይሄን ፍትሐዊ ለመሆን እጨምራለሁ።)

ዋጋው። 50 ደቂቃ 600 ብር። ለነጋዴ ምንም አይደለም። ለእኔ በወር ሁለት ጊዜ ከቻልኩ ብዙ ነው። ከእኛ ጋር ስለነበሩት የጽዳት እናቶች ሳስብ ግን ያመኛል። በረኪናውን በጥብጠው፣ እኛ የሸሸነውን ክፍል ገብተው ያጸዱት እነሱ ናቸው። ሬሳ ከፍ ስናደርግ እግሩን የያዘችው የጽዳት ሠራተኛ ናት። «ባለሙያ» ስላልሆነች ስልጠናው ላይም አልተጠራችም፣ አበሉም አልደረሳት። ቅናሽ ይኑር ብዬ ለቢሮዋ ነግሬያለሁ፣ «እናስብበታለን» ተብያለሁ። ይሄን የምጽፈው እንዲያስቡበት ነው።

ቋንቋው። እሷ የምትሠራው በአማርኛ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ኦሮምኛ የሚችል ባልደረባ አላት፣ ሶማልኛ ግን የለም። ድሬ ላይ ሶማልኛ የሌለው አገልግሎት ግማሽ ነው። የሥራ ባልደረባዬን ልልካት ፈልጌ ነበር። አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ግን «የሚያሳምመኝን ነገር በአማርኛ አላስበውም» አለችኝ፣ ምን እላለሁ።

የመጠበቂያ ወንበሩም አንድ ነው፣ ረጅም አግዳሚ። አንድ ማክሰኞ ስወጣ የምናውቀው ሐኪም ተቀምጦ አገኘሁት። ሁለታችንም ስልካችንን ማየት ጀመርን። «ሱሪ ላሳጥር ነው» አልኩት። «እኔም» አለኝ። ከዛ ወዲህ ዎርድ ላይ ስንገናኝ «ሱሪው እንዴት ሆነ?» እንባባላለን። ቢሆንም ለሁሉም ሰው እንዲህ አይወጣም፣ በቀጠሮዎች መሀል 10 ደቂቃ ቢተዉ ነገሩ ያልቃል።

ሌላ ማወቅ ያለባችሁ፦ እሷ ሳይኮሎጂስት ናት፣ መድኃኒት አትጽፍም። ከበድ ካለባችሁ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ። እሷም መጀመሪያ ቀን ይሄን ግልጽ አድርጋ ነው የምትናገረው። አንድ ጓደኛዬን ወደ ሳይካትሪስት ልካዋለች፣ ራሷ ደውላ ቀጠሮ አስይዛ፣ «ሂድና ፈልግ» ብላ አይደለም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። አከራዬ። በ2012 ከማዕከሉ ስመለስ አከራዬ ግቢ አላስገባ አለችኝ፣ ሦስት ሳምንት ጓደኛዬ ጋ አደርኩ። ከተመለስኩ በኋላም የውሃ ባልዲዬን ለይታ ውጭ አስቀመጠች። ግን በየጠዋቱ በሩ ጋ ያለው ድንጋይ ላይ ፈጢራ በሳህን ተከድኖ አገኝ ነበር፣ ከእንቁላል ጋር፣ ትኩስ። ማን እንዳስቀመጠው አልተነጋገርንም። እስካሁን እዛው ግቢ ነኝ፣ እስካሁን አልተነጋገርንም። አማካሪዋ «ተናደሃል ወይስ አመስግነሃል?» ስትለኝ መልስ አጥቼ ሙሉውን 50 ደቂቃ ስለ ፈጢራ አወራሁ። 600 ብር ከፍሎ ስለ ፈጢራ ማውራት ሞኝነት ይመስላል። ከወጣሁ በኋላ ግን ደቻቱ ድልድይ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ ባጃጅ ሳልይዝ፣ ማንንም ሳልቆጥር።

ባለፈው ማክሰኞ ቀጠሮ ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ፣ እየተንቋቋ፣ ቆመ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከታች የልብስ ሰፊው ሬዲዮም ጠፍቷል። ሁለታችንም ጣሪያውን አየን። እሷ ሶፍቱንም እኔንም አላየችም፣ ጆጉን አነሳችና ውሃ ቀዳችልኝ። ጠጣሁ። «የት ደርሰን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት።